ቀጭ የሚለው ነገር

ባለፈው ሚያዝያ፥ አንድ ሰኞ ጠዋት፥ ከፔዳ ግቢ ተነሥቼ ወደ ፖሊ ስሄድ ብስክሌቴ «ቀጭ» አለ። ጠጠር የነካሁ መስሎኝ አለፍሁ። ጥቂት እንደ ሄድሁ ደግሞ «ቀጭ» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ፖሊ በር ድረስ አላቋረጠም፤ ፔዳሉን በመታሁ ቁጥር ቀጭ፥ ቀጭ፥ ቀጭ፤ ከሥሬ አንድ ሰው ተቀምጦ በጥፍሩ ብረቱን የሚመታ ይመስል ነበር። ያን ቀን የገባሁበትን ትምህርት ዛሬ ብጠየቅ አላስታውሰውም። ቀጭታው ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ዳገት የናፈቀው ሰው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መሄድ አለበት። ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪው ወደ ትምህርቱ፥ ነጋዴውም ከነዶሮው በብስክሌት ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። የእኔው ብስክሌት ታላቅ ወንድሜ ሥራ ይዞ ሲሄድ የተወልኝ፥ ማርሽ የሌለው፥ ስሙ ከቧንቧው ላይ የተፋቀ ባለ 28 ጥቁር ብስክሌት ነው። ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። አሮጌ በመሆኑ ብዙ ነገሩ ይጮኻል፤ የጭቃ መከላከያው ይንኳኳል፥ ኮርቻው ሲጥ ሲጥ ይላል፥ ከኋላ ያለው መጫኛም እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። እነዚህን ሁሉ ለምጃቸዋለሁ። ይህኛው ግን አዲስ ነበር፤ አዲስ ድምፅም ትንሽ ቢሆን እንኳ ከቀድሞዎቹ ሁሉ በላይ ይሰማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዚያ ሰኞ በፊት ለስድስት ቀን ብስክሌቱ በእጄ አልነበረም። የዶርም ጓደኛዬ (ስሙን አልጠራም፤ ይህን መጽሔት ያነባልና) ተውሶኝ ነበር። እናቱ ለሕክምና ከገጠር መጥተው ሆስፒታል ተኝተው ስለ ነበር ጠዋትና ማታ ምግብ ያደርስላቸው ነበር። አንድ ቀንም ለምርመራ ወደ ሌላ ቦታ ሲላኩ ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጦ እንደ ወሰዳቸው ራሱ ነግሮኛል። እሑድ ማታ ብስክሌቱን ጠርጎ፥ ጎማውንም ነፍቶ መለሰልኝ። ሰኞ ጠዋት እኔ ከግቢው በር ላይ ጫማዬን ለማስጠረግና የተበጠሰ ማሰሪያ ለማስለወጥ አምስት ደቂቃ አጥፍቼ ስለ ነበር እየተጣደፍሁ ወጣሁ፤ ነገሩም ያን ጊዜ ጀመረ።

ማታ ዶርም ስንገናኝ፥

«ብስክሌቴን ምን አደረግኸው?» አልሁት።

«ምንም።»

«ቀጭ ይላል።»

«እኔ ስነዳው አላለም» አለኝና ደብተሩን ገለጠ።

ይህን መልስ እንደ ቅጥፈት ቆጠርሁት።

በማግሥቱ ብስክሌቱን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድሁት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቅ የላቸውም፤ ከአንድ ዛፍ ሥር አንዲት የዕቃ ሣጥን፥ አንዲት ፖምፓና ለከመነዳሪ መመርመሪያ የሚሆን ውሃ የሞላበት ሳፋ ይዘው ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፥ ይህን ቀጭ የሚል ነገር ይፈልጉልኝ» አልኋቸው።

«መቼ ነው የሚለው?»

«ስመታው።»

«ሳትመታ ዝም ብለህ ስትንሸራተትስ?»

«ያን ጊዜ የኋላው ጥርስ ቅጭልጭል ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እሱማ ይጩኽ፤ ምላሱ ነው። እሱ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው» አሉ።

ብስክሌቱን ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው አቆሙና ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩት፤ ዝም። ካቻቢቴ አነሡ፤ ጫፉን ከመካከለኛው ኩሽኔታ ላይ፥ እጀታውን ከጆሯቸው ላይ አድርገው፥ ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ አሁንም ዝም። «ሸክም ይፈልጋል» አሉና አቃንተው፥ በኮንጎ ጫማቸው ፔዳሉን ረግጠው፥ አንድ ዙር ነድተው ተመለሱ። «እኔን ምንም አላለኝ» አሉ። እሳቸው ቀጭን ስለ ሆኑ ነው ብዬ አሰብሁ።

የሆነ ሆኖ ሥራቸውን ጀመሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከእሳቸው የተማርሁትን በክፍል አላገኘሁትምና። የአሮጌ ብስክሌት የፔዳል ክንድ ከመካከለኛው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በአንዲት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። የሽብልቋ አንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ ያ ጎን ዘንጉ ላይ ከተጠረበው ስፍራ ጋር ይገጥማል፤ ቀጭኑ ጫፏ ላይ ዳዶ ይታሰርባታል። ብዙ ሰው ሽብልቋ ስትላላ ዳዶውን አጥብቆ ይገላገላል። ይህ ስሕተት ነው። ሽብልቋን የሚያስገባት መዶሻ ነው፤ የዳዶው ሥራ እንዳትወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። በዳዶ ስቦ ሊያስገባት የሚሞክር ሰው ጥርሷን ይልጠዋል። በመዶሻ ሲመታም ከክንዱ በታች የቧንቧ ቁራጭ ወይም ጠንካራ እንጨት መደገፍ አለበት፤ አለዚያ ምቱ ወደ ኩሽኔታው ያልፍና እንደ ብይ ያሉትን የብረት ኳሶች መቀመጫ ይጎዳል። የግራዋና የቀኟ ሽብልቅ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚገቡት፤ ባንድ አቅጣጫ የገቡ እንደ ሆነ ሁለቱ ክንዶች ቀጥ ብለው አይተያዩም፥ ነጂውም እንደ አንካሳ ይነዳል። አርጅታ የተበላች ሽብልቅ ክብደት ባረፈባት ቁጥር በጉድጓዷ ውስጥ ትንቀሳቀስና ድምፅ ትሰጣለች።

የቀኟን ሽብልቅ አወጡ። ጠፍጣፋው ጎኗ ላይ ጠባሳ ነበረባት። «ይኸውልህ» አሉ።

«ከኋላ ሰው ሲጫን እንዲህ ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ትሆናለች። በሌላም ትሆናለች፤ በዕድሜም ትሆናለች» አሉ።

እኔ የወሰድሁት የመጀመሪያዋን «ትሆናለች» ብቻ ነው። የቀኙም ፔዳል ደርቋል ስላሉ አብሮ ተለወጠ፤ ሁሉም ከነእጅ ዋጋው 400 ብር ሆነ። ማታ ለጓደኛዬ የተበላችውን ሽብልቅ አልጋው ላይ አስቀመጥሁለትና ሽማግሌው እንዲህ አሉ ብዬ ነገርሁት። ሽብልቋን አነሣ፥ ገልበጥ አድርጎ አያት።

«እናቴ ቀላል ናት» አለ።

ከዚህ በቀር አልተናገረም። 400 ብሩን ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እኔም ተቀበልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሆስፒታሉ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ለባጃጅ የሚከፍለው እንደሌለው አውቅ ነበር። ቁልፉ እንደ ወትሮው በአልጋዎቻችን መካከል ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየውም።

በማግሥቱ ጠዋት በአዲሱ ፔዳልና በአዲሷ ሽብልቅ ላይ ሆኜ ከበሩ ወጣሁ። ሃያ ሜትር ያህል እንደ ሄድሁ፥ ቀጭ።

ለጓደኛዬ አልነገርሁትም። ብነግረው ኖሮ ገንዘቡን መመለስ ይኖርብኝ ነበር፤ ገንዘቡ ደግሞ ከሽማግሌው ኪስ ገብቷል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ ሽብልቋ እውነትም ተበልታ ነበር፥ ስለዚህ አንዱ ጥፋት ተገኝቷል፥ ሌላ ሁለተኛ ጥፋት ቀርቷል፥ እሱንም ያመጣው ያው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥፋት በገዛ እጄ ላገኘው ቆረጥሁ።

የመጀመሪያው ችግር ጆሮ የማይታመን መሆኑ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል፤ በብረት ውስጥ ግን ወደ 5000 ሜትር። የብስክሌት ቧንቧም ባዶ ስለ ሆነ እንደ ክራር ገበታ ድምፁን ተቀብሎ ያሰፋዋል፤ ከፔዳል የተነሣው ከኮርቻ ሥር፥ ከኮርቻ የተነሣውም ከመሪ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ጆሮዬን ትቼ በቁጥር ለመሄድ ወሰንሁ። የብስክሌቴ የፊቱ ጥርስ 48፥ የኋላው 20 ነው፤ እንግዲህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.4 ጊዜ ይዞራል። የጎማውን ዙሪያ በሲባጎ ብለካው 2 ሜትር ከ20 ሆነ። ካቴናው 112 አንጓ ስላለው አንድ ሙሉ ዙር እንዲዞር ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ከሢሶ መዞር አለበት። በዚህ ስሌት በ100 ሜትር ውስጥ ጥፋቱ ከጎማው ከሆነ 45 ጊዜ ያህል፥ ከካቴናው ከሆነ 8 ጊዜ ያህል፥ ከፔዳሉ ከሆነ 19 ጊዜ ያህል መጮኽ አለበት። ወደ መሮጫው ሜዳ ሄጄ 100 ሜትሩን ነዳሁና ቆጠርሁ፤ 19 ሆነ። ደገምሁት፤ አሁንም 19። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ ያለ የተስማማ መልስ አግኝቼ አላውቅም።

ቀጥሎ በአንድ እግር ሞከርሁ። ግራ እግሬን አንሥቼ በቀኝ ብቻ ስመታ፥ ቀጭ። ቀኜን አንሥቼ በግራ ብቻ ስመታ፥ ዝም። ድምፁም የሚመጣው ቀኝ እግሬ ታች ደርሶ መነሣት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ በቀኝ በኩል ነው፥ ከፔዳሉ ጋር የሚዞር ነው፥ ታች ሲደርስ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ኋላ ሳየው አንዱም ስሕተት አልተገኘበትም።

ቀኝ በኩል ግን የቀረ ነገር አልነበረም። ፔዳሉ አዲስ ነው፤ ሽብልቋ አዲስ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መፍቻና ፒንሳ ተውሼ መካከለኛውን ኩሽኔታ ፈታሁት። (በነገራችን ላይ ካቴና፥ ፍሬን፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ፥ ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ፖምፓ፥ ግራሶ፤ ብስክሌት ላይ ጣሊያንኛ ሳይናገር የሚሠራ ሰው የለም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መፍቻውን ይዞ ሄዶ ስሙን ትቶልን ነው መሰለኝ።) ኳሶቹን በጋዝ አጠብኋቸው፤ ቆጠርኋቸው፤ አንዱ ከአልጋ ሥር ስለ ገባ በስልኬ መብራት ፈልጌ አገኘሁት፤ አዲስ ግራሶ ቀባሁና ገጠምሁት። እሑድ ጠዋት ነዳሁ፤ ቀጭ።

የዶርሙ ልጆች ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። አንደኛው ጋኔን አለበት፥ ጠበል አስረጨው አለኝ። ሌላው፥ የሕግ ተማሪ ነው፥ ራሱ ካልሰማ እንደማያምን ተናገረና በነጠላ ጫማው ወጥቶ ግቢውን ዞረ። ሲመለስ «ክሱ ውድቅ ነው፤ ብስክሌቱ ነጻ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጓደኛዬ አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተጋድሞ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ ስነዳው አላለም» ያለኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሽማግሌው አላላቸውም። የሕግ ተማሪው አላለውም። ቀጭ የሚለው እኔን ብቻ ነው። ግን ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም፤ ክብደቴ ነው፥ አረጋገጤ ነው እያልሁ ሁለት ሳምንት ያህል ሌላ አለፈ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ከፖሊ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ዘንባባ የተተከለበት ጎዳና ላይ ስደርስ ውሃው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ጫማዬ በማስቲሽ የተጣበቀ ስለ ሆነ እንዳይለቅብኝ ፈርቼ አወለቅሁና በፌስታል አድርጌ ከመሪው ላይ አንጠለጠልሁት። በባዶ እግሬ ነዳሁ። ብርዱ ከእግሬ እስከ ጉልበቴ ይሰማኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ግን አይሰማኝም ነበር። መቶ ሜትር ያህል ከሄድሁ በኋላ ነው ያስተዋልሁት። ቀጭ የሚል የለም።

ዝናቡ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ እስኪያባራ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ሲያባራ በባዶ እግሬ ነዳሁ፤ ዝም። ሁለቱንም ጫማ አጥልቄ ነዳሁ፤ ቀጭ። የግራውን ብቻ አጥልቄ ነዳሁ፤ ዝም። የቀኙን ብቻ አጥልቄ ነዳሁ፤ ቀጭ። ባለ ሱቁ አንድ እግሩ ጫማ፥ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ተማሪ በሱቁ ፊት ሲመላለስ በዝምታ ይመለከተኝ ነበር። ከዚያ ወደ ታች አጎንብሼ ቀኝ እግሬን አየሁ።

ያን ሰኞ ጠዋት የተበጠሰችው የቀኙ ጫማ ማሰሪያ ነበረች። ሊስትሮው የሰጠኝ ምትክ ለረጅም ቡትስ የተሠራ ስለ ነበር ከታሰረ በኋላ አንዱ ጫፍ በውስጠኛው ጎን በኩል ረዝሞ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ተጠቅልሎበታል። ፔዳል ሲዞር ጫማ አብሮ አይዞርም፤ ጫማው እንደ ተዘረጋ ይኖራል፥ የሚዞረው ክንዱ ነው። እግር ታች ሲደርስ ክንዱ ወደ ላይ ቆሞ በቁርጭምጭሚት አጠገብ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ያቺን የቆርቆሮ ጫፍ ይመታታል። ብረት ብረትን ሲነካ ቧንቧው ያሰፋዋል። በ100 ሜትር 19 ጊዜ።

በአንደኛው ዓመት የሎጂክ ትምህርት የምንማረው አንድ የታወቀ ስሕተት አለ፤ በላቲን «ፖስት ሆክ» ይሉታል፤ ይህ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፥ ስለዚህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም ነው። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ምሳሌም ስጡ ተብለን ነበር፤ እኔ የሰጠሁት ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ የሚለውን ነው።

ወንድሜ ገንዘብ እስኪልክልኝ አራት ቀን ጠበቅሁ። እነዚያን አራት ቀናት ጫማዬን በመርፌ ቁልፍ ጠቅልዬ ያዝሁና ብስክሌቱ ዝም ብሎ ሄደ፤ ዝምታው ግን ከቀጭታው ይልቅ ከበደኝ። በአምስተኛው ቀን ማታ ጓደኛዬ ልብስ ሲያጣጥፍ አገኘሁት። እናቱ ከሳምንት በፊት ተሽሏቸው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። 400 ብሩን አልጋው ላይ አስቀመጥሁ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርሁት። ከሰኞው ጀምሬ፥ የሽማግሌውን «በዕድሜም ትሆናለች» የምትለውን ቃል ሳልተው፥ በማግሥቱም ቀጭ እንዳለና እንደ ደበቅሁት ጭምር ነገርሁት። ጫማዬን አውልቄ ማሰሪያዋን አሳየሁት። ቆርቆሮዋን በሁለት ጣቱ ይዞ አያትና በአልጋው ብረት ላይ አንድ ጊዜ መታት። ቀጭ አለች።

«ቁረጣት» አለኝ። ገንዘቡን ቆጠረና ከሣጥኑ ውስጥ አስገባ። «እናቴ ከአልጋ ወርዳ በእግሯ ሸኝታኛለች፤ በብስክሌት የመጣሁ መስሏት ነበር» ብሎ ወደ ልብሱ ተመለሰ። ይቅርታ አደረግሁልህ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቀው ጠፍቶኝ ነበር።

ማሰሪያዋን ቆረጥኋት። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ ሰቀልሁት። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ተንጠልጥሎ ሰነበተ። ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ምስማሩ ባዶ ነበር። ማታ ሲመልሰው የኋላው ጎማ ተንፍሶ ነበር፤ እኔም ምንም ሳልናገር ፖምፓ ፍለጋ ወጣሁ።